አባት መሆኑን አላወቅሁም

ባለፈው ክረምት አንድ የውሃ ወፍ መርጠን ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ በፎቶግራፍ አስደግፈን እንድናቀርብ የመስክ ሥራ ተሰጠን። እኔ ሐዋሳ ስላደግሁ ብዙም አልተጨነቅሁም። ከአጎቴ ልጅ ካሜራ ተዋስኩና ሐይቁ ዳር፣ ፊላ ወደበዛበት ቦታ ሄድኩ።

የመረጥኳት ወፍ በእንግሊዝኛ አፍሪካን ጃካና ትባላለች። ሰውነቷ ቡናማ፣ አንገቷ ከፊት ነጭ፣ ግንባሯ ሰማያዊ ነው። የእግሯ ጣቶች በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷን ይከፋፈሉላትና ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ሳትሰምጥ ትራመዳለች። ልጆች ሆነን ሁልጊዜ እናያት ነበር፤ ስሟን የጠየቀ ግን አልነበረም።

አራት ጫጩቶች ነበሩ። እንደ ዶሮ ጫጩት ገና ከመፈልፈላቸው ራሳቸው እየለቀሙ ይበላሉ። የወላጅ ሥራ መጠበቅ፣ መጥራትና ማሞቅ ነው። እኔም በማስታወሻዬ «እናትየዋ መጣች፣ እናትየዋ ጠራቻቸው» እያልኩ አራት ቀን ሙሉ ጻፍኩ።

በአምስተኛው ቀን ቀረብ ብዬ ላንሳ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ወፏ ጮኸች። ክንፏን ገለጥ አድርጋ ዝቅ አለችና ጫጩቶቹን ሰበሰበች። ብድግ ስትል አንድም ጫጩት አይታይም፤ ከብብቷ ሥር የተንጠለጠሉ ቀጫጭን እግሮች ብቻ! እንደዚያው አቅፋቸው ሮጠች። እጄ በደስታ እየተንቀጠቀጠ ደጋግሜ አነሳሁ።

ክፍል ውስጥ ሳቀርብ የፎቶውን ርዕስ «የእናት ፍቅር» አልኩት። ተማሪው አጨበጨበ። መምህራችን ግን ፈገግ ብለው «እናት መሆኗን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ለካ በጃካና ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውም፣ ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ሴቷ በአካል ትበልጠዋለች፤ ከአንድ በላይ ወንዶች ጋርም ትጣመራለች። መምህሩ ቀጠሉና «በጠራራ ፀሐይ ልጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ የሚሮጠው ምን ሲመጣበት ይመስልሃል?» አሉ። ዝም አልኩ። የመጣበት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ሁለት ጊዜ አሳፈረኝ። እኔንም ያሳደገኝ አባቴ ነው። እናቴ ለሥራ ዐረብ አገር ስትሄድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ «እናቱስ?» ይሉታል። አባቴም ሁልጊዜ «እኔ አለሁ» ይል ነበር። እንግዲህ ይህን እየሰማሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ አባትን አይቼ እናት ያልኩት።

ፎቶውን አልጣልኩትም። ርዕሱን ግን ሰርዤ «አባት፣ ሰው ሲመጣበት» ብዬ ጻፍኩበት። የመስክ ሥራ ለምትጀምሩ ጓደኞቼ የምመክረው፣ ወፉ ከጮኸ ወደኋላ ተመለሱ ነው። እኔ አሁን ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማነሳው። በፎቶዎቼ ላይ ወፎቹ ትንንሽ ሆነው ነው የሚታዩት፤ አባትየው ግን ዘና ብሎ ይለቅማል፣ ልጆቹም ከኋላው ተበታትነው።