ለብስክሌት ሄልሜት ባትሪ መግዛት፦ ከኮምቦልቻ ሜዳ እስከ ሐረጎ ጉም

ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብዙ አታስጠነቅቅም። ክረምትም ሆነ በጋ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ትገባለች፤ አንድ ሰዓት ሲል ጨለማ ነው። መብራት ካለ የአስፋልቱ ዳር ሱቆች ትንሽ ያሳያሉ። መብራት ከሌለ መንገዱ የባጃጅና የጭነት መኪና ነው፤ በመሃል ያለው እግረኛና ብስክሌተኛ ለራሱ ይወቅ።

ስሙ እዚህ የማያስፈልግ አንድ ሰው አለ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ኮምቦልቻ ተከራይቶ በፈረቃ ይሠራል፤ እናቱ ደሴ ናቸው። ብስክሌት የገዛው ስፖርት ወድዶ አይደለም። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር የባጃጅ ሰልፉም ዋጋውም አንገሽግሾት ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። ቦርከናን ይዞ የተዘረጋው ከተማ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራ ፋብሪካውም፣ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም በፔዳል የሚደረስባቸው ናቸው። ችግሩ መንገዱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ፈረቃ ፀሐይን አይጠብቅም።

አንድ ማታ የስልኩን መብራት አብርቶ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ ሲነዳ (ይህን ያላደረገ የማታ ብስክሌተኛ ካለ እጁን ያውጣ) መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ ከፊቱ ድቅን አለ። ፍሬን ያዘ፣ ወደቀ፣ የስልኩ መስታወት ተሰነጠቀ። ጋሪውን የሚነዱት ሽማግሌ ወርደው አነሱት።

«ልጄ፣ አላየኸኝም እንዴ?»

«አላየሁዎትም አባ።»

«እኔም አላየሁህ!» አሉት።

የሽማግሌው መልስ ከስልኩ መስታወት ይልቅ ከነከነው። እስከዚያ ቀን መብራትን የሚያስበው መንገድ ለማየት ብቻ ነበር። በማግስቱ ለሄልሜቱ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሊገዛ ወሰነ።

የእኛ ቋንቋ እዚህ ጋ ትንሽ ያስቸግራል። «ባትሪ» ስንል መብራቱንም፣ ውስጡ ያለውን ኃይል የሚይዝ ድንጋይም ማለታችን ነው። «መብራት» ስንል ደግሞ አምፖሉንም ኤሌክትሪኩንም። «መብራት ስለሌለ ባትሪው ባትሪ የለውም» ቢባል የሚገርመው የወሎ ሰው የለም፤ የውጭ ሰው ግን ግራ ይጋባል። ሱቅ ሲገባም ግራ መጋባቱ ይቀጥላል። ገዢው የሚጠይቀው ስለ ብርሃኑ ነው፤ የሚታለለው ግን በድንጋዩ ነው።

ደሴ ፒያሳ የገባበት ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት ካርቶኖች ላይ ያለው ቁጥር ያስደነግጣል። አንዱ 10,000 ሉመን ይላል፤ ሌላው 9,900 ሚሊአምፒር። «አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያበራልሃል» አለው ባለሱቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበለት።

ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ 18650 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ልኩን ነው የሚናገረው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በዚህ ልክ የሚሠራ ምርጥ የሊቲየም ድንጋይ የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው። 9,900 የሚል ጽሑፍ ካዩ አምራቹ ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ስለ ራሱ እየነገራችሁ ነው። 3,000 የሚይዝ እውነተኛ ድንጋይ ወደ 11 ዋት-ሰዓት ጉልበት አለው። ደህና የሚባል ኤል ኢ ዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል። ስለዚህ በ300 ሉመን ሦስት ሰዓት ተኩል ይበራል፤ በ1,000 ሉመን አንድ ሰዓት። 10,000 ሉመን ለስምንት ሰዓት ቢባል ግን 800 ዋት-ሰዓት ይጠይቃል፤ ያንን የሚይዝ የሊቲየም ድንጋይ ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስት ኪሎ በአናቱ ተሸክሞ የሚነዳ ብስክሌተኛ ካለ አንገቱን ይመርመር።

ሚዛን ከካርቶን የበለጠ እውነት ይናገራል። ደህና 18650 ከ45 ግራም በላይ ይመዝናል። በእጅ ሲያዝ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ከሆነ ውስጡም ያው ነው። የሰዓት ነገር ደግሞ የታመኑ አምራቾችም ዘንድ ተንኮል አለው፤ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ መብራቱ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ በሙሉ «በራ» ብሎ ይቆጥራል። አሥር በመቶ የጧፍ ዓይነት ብርሃን ነው።

አባቶቻችን ይህ ሒሳብ አልነበረባቸውም። ጎማ ላይ የሚያርፍ ዲናሞ ነበራቸው፤ እግር እስካለ መብራት አለ። ጉዱ ዳገት ላይ ነበር፤ ብስክሌቱ ሲያዘግም መብራቱም ይደክማል፣ ሲቆም ይጠፋል። ዛሬ ሄልሜት ላይ የሚታሰረው ትንሽ ነገር ሁለት የኖቤል ሽልማት ያለበት ነው። ለነጭ ኤል ኢ ዲ በር የከፈተው ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ተሸልመዋል። እኛ ጋ ሲደርስ የሐሰት ካርቶን ለብሶ መጣ እንጂ።

ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተከተለው። ለዚህ ነው አንዴ ተገዝቶ የሚጣለው ነገር ዛሬ የሚያንገበግበው። ድንጋዩ ውስጡ የታሸገ መብራት ከጥቂት መቶ ቻርጅ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ዕቃው በሙሉ ቆሻሻ ነው። ድንጋዩ የሚወጣና የሚቀየር ከሆነ ግን መብራት በጠፋ ሳምንት ሁለተኛ ድንጋይ በኪስ ይያዛል። ሰውየው ይህንን መረጠ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ድንጋይ በርካሽ ቢያቀርቡለትም እምቢ አለ፤ ዕድሜውና ጉዳቱ የማይታወቅ ሊቲየም ማታ አልጋ አጠገብ ቻርጅ የሚደረግ ነገር አይደለም። ቻርጅ መሰኪያው ከስልኩ ጋር አንድ ዓይነት፣ ታይፕ ሲ፣ መሆኑንም አየ። ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይችላል የሚለውን አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ምልክትም ፈለገ፤ የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ያለዚህ አይገዛም።

ገዛ። ደስ አለው። ደስታው አንድ ማታ እንኳ አልቆየም።

የሄልሜት መብራት ጥሩነቱ ዓይንን መከተሉ ነው። መታጠፊያ ላይ ጭንቅላት ሲዞር ብርሃኑ አብሮ ይዞራል፤ ጉድጓዱን፣ ውሻውን፣ ከጎን የሚገባውን ልጅ ጎማው ሳይደርስ ያሳያል። የመሪ ላይ መብራት ይህን አይችልም። መጥፎነቱም ያው ነው። የምታየውን ሁሉ ያበራል፤ የምታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው ፊት ነው። ከፊት የመጣውን ባጃጅ «አየኝ ይሆን?» ብሎ ቀና ሲል ጨረሩ በቀጥታ ሹፌሩ ዓይን ውስጥ ገባ። ባጃጁ ተወላገደ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ያወረደበት ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ጀርመኖች ይህን ቀድመው አስበውበታል። እዚያ የብስክሌት መብራት ራሱ ብስክሌቱ ላይ መሆን አለበት፤ የፊቱም የሚመጣውን ሰው እንዳያደናግዝ ሆኖ መታሰር አለበት። ሄልሜት ላይ ያለው ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ለብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ ይላል።

እኛ ጋ ግን ከባጃጅ ሹፌር የባሰ ፊት አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል ማታ መንገድ ላይ መሆን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኬላ ላይ የቆመ የታጠቀ ሰው ከጨለማው ውስጥ በሰው ቁመት ልክ የሚወዛወዝ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣበት ብስክሌት ነው ብሎ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ፊቱ ላይ ሲበራበት ደግሞ ምንም አያይም፤ የማያይ የታጠቀ ሰው ደግሞ ያስፈራል፣ እሱም ይፈራል። ሰውየው «አጥፋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። እጁን ሰዶ ሲጫን መብራቱ አልጠፋም፤ ከደማቅ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ ወደ ደብዛዛ፣ ከዚያ እንደ አምቡላንስ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ለማጥፋት አምስት ጊዜ መጫን ነበረበት። ያቺ ብልጭታ ምን ያህል እንደረዘመችበት እሱ ያውቃል። በሰላም አለፈ፤ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ሁለት ቃል ተቆጥቶት።

የካርቶኖቹ ቁጥር ሁሉ ከዚህች ቁልፍ አይበልጥም። ካሉበት ሆኖ አንዴ ይዞ በማቆየት የሚጠፋ፣ ሲከፈት በመጨረሻው ልክ የሚከፈት፣ ብልጭታው ለብቻው ተደብቆ የተቀመጠ መብራት ከደማቁ ይበልጣል። ይህንን ደግሞ ካርቶን አይነግርም። ሱቅ ውስጥ ሄልሜቱን ራስ ላይ አድርጎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ በአንድ እጅ መሞከር ነው። ባለሱቁ ይሳቅ።

የመጨረሻው ትምህርት የሐረጎ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ታች አቧራ፣ ላይ ጉም ነው። አንድ እሑድ እናቱ ዘንድ ውሎ አመሻሽ ላይ ሲወርድ ጉሙ ሐረጎ ላይ ያዘው። ሄልሜቱን አበራ፤ መንገዱ ጠፍቶ ነጭ ግድግዳ ከፊቱ ቆመ። ብርሃን ባከለ ቁጥር ግድግዳው ወፈረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መብራቱ ከዓይን በላይ ጥቂት ጣት ርቀት ላይ ስለሆነ የጉሙ ጠብታ የመለሰው ብርሃን በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። የመኪና የጉም መብራት ታች የሚገጠመው በከንቱ አይደለም። መብራቱን ከሄልሜቱ ፈቶ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ መሪው ላይ አሰረው፤ ወደ አስፋልቱ ዝቅ አደረገው፤ ደብዛዛው ላይ አቆመው። የመንገዱ ዳር ነጭ መስመር ባለበት ታየ። ከኋላው የጭነት መኪና ሞተር ብሬክ ሲያጓራ ሲሰማ ግን የጋሪው ሽማግሌ ትዝ አሉት። ከኋላው ምንም መብራት አልነበረውም። ብስክሌቱን እየገፋ በቦዩ ዳር ወረደ።

አሁን ያለው እንዲህ ነው። መሪው ላይ ደህና 400 ሉመን፣ ዝቅ ብሎ የታሰረ። ሄልሜቱ ላይ ትንሽ፣ ቀላል፣ በጨርቅ ማሰሪያ የተያዘች፣ ሲወድቅ ተላቃ የምትቀር፤ ለመታጠፊያና ጎማ ለመቀየር ብቻ የምትበራ። ከኮርቻው ሥር ቀይ፤ ከሦስቱም በዋጋ ትንሿ እሷ ናት፣ መጀመሪያ መገዛት የነበረባትም እሷ ናት። በጉም ጊዜ ግን ሐረጎን በብስክሌት አይሞክርም፤ ብስክሌቱ ሚኒባስ ላይ ይጫናል።

እናቱ ይህን አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ መብራት ጠፍቶ ሦስቱንም አብርቶ ሲያሳያቸው ቤቱ በሙሉ ፏ አለ። እሳቸው ሲኒውን እንደያዙ ቀና ብለው «ታዲያ ይሄ ሁሉ ብርሃን ካለህ ምን ያስቸኩልሃል?» አሉት፤ «ተቀመጥ፣ ገና በረካው አልተጠጣም።»