ደብረ ብርሃን፦ የብርድ ልብስ አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። ሸኖ ላይ ቅቤ የሚገዛ ሰው ይወርዳል። ጫጫን ስታልፉ ደግሞ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ማንም ሳይነግረው ይዘጋዋል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ወጥታችኋልና ብርዱ ራሱ ይነግራችኋል።

ከተማይቱን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ስሟም የብርሃን ተራራ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ስሟን መጀመሪያ የሰማነው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለሙሽሮች ጥሎሽ ተደርጎ፣ ለአራስ ተሰጥቶ፣ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ተጠቅልሎ የኖረ ዕቃ ነው።

ከፋብሪካው በፊትም ቢሆን አገሩ የሱፍ አገር ነው። ከከተማው አልፋችሁ በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ ስትታጠፉ ትንንሽ፣ ላታቸው ሰፋ ያለ፣ ጸጉራቸው ሻካራ በጎች ታያላችሁ። የመንዝ ሴቶች የእነዚህን በጎች ጸጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ደግሞ ባና ይሠራበታል። ባና ወፍራምና ከባድ የሱፍ ልብስ ነው፤ ቀን ይደረባል፣ ሌሊት ይለበሳል። በጎቹ ጥቁርም ቡናማም ነጭም ስለሆኑ ክሩ ቀለም ሳይነከር ባለ መስመር ልብስ ይወጣዋል።

እኔ ወደ ደብረ ብርሃን የሄድሁት በጥር ወር 2015 ዓ.ም ከቤተ ክርስቲያናችን እኅቶች ጋር ነበር። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ በግጭት ምክንያት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖችን አስጠግታ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ የመጡት ከሞቃት አገር ነው። ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት፣ ጠዋት የገብሱ ማሳ ነጭ ሆኖ የሚነጋበት አገር ለእነርሱ እንግዳ ነው። አንዲት እናት፣ «እትዬ፣ እኛ አገር ብርድ ልብስ ለእንግዳ የሚወጣ ነገር ነበር፤ እዚህ ግን እንደ እንጀራ ሆነብን» አለችኝ።

ከእኛ ጋር ብርድ ልብሶች ይዘን ነበር፤ አልበቁም። ወፍራም ክርም በማዳበሪያ ሞልተን ወስደን ነበር፤ አብዛኛው ከመርካቶ የተገዛ ነው። እናቶች ዳንቴል መሥራት ስለሚችሉ፣ ለሕፃናት የሚሆን ብርድ ልብስ ራሳቸው በኪሮሽ እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ለዳንቴል የሚሆነው ቀጭን ኪሮሽ ወፍራሙን ክር አይስብም። ለእንዲህ ያለው ክር ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ኪሮሽ ያስፈልጋል። የነበሩን ጥቂት ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን ብዙ።

በዚያ መካከል ያቺ ስለ ብርድ ልብስ የነገረችኝ እናት አንዱን ኪሮሽ ተውሳ ለባሏ አሳየችው። እርሱ በአገሩ ገበሬ ነበር። መሬቱንና ከብቶቹን ትቶ ከወጣ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል እንደ ነበር፣ ከእርስዋም ጋር ብዙ እንደማይነጋገር ቀደም ብላ ነግራናለች። የደብረ ብርሃን አረቄ ደግሞ ብርድ ለጠናበትና ልቡ ለተሰበረ ሰው ሩቅ አይደለም። ይህን ነበር የምትፈራው።

ሰውየው ኪሮሹን አገላብጦ አየው። ወጥቶ የወይራ ቁራጭ አመጣና በቢላዋ መጥረብ ጀመረ። የመጀመሪያው ክሩን እየያዘ አስቸገረ። በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው፣ ቅቤ ቀባው፣ ደግሞ ፋቀው። በማግሥቱ ጎረቤቶች «ለእኔም፣ ለእኔም» አሉ። ከከተማው ስንወጣ ሰውየው በር ላይ ተቀምጦ ይጠርብ ነበር፤ ሚስቱም አጠገቡ ሆና ትሠራለች። ችግራቸው በዚያ ቀን አለቀ አልላችሁም፤ ቤታቸውም አልተመለሰላቸውም። ነገር ግን «ይህኛው ይሻላል?»፣ «አዎ፣ ጫፉን ትንሽ አጥብበው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ለእነዚያ ባልና ሚስት ይህ ትልቅ ንግግር ነበር።

እናንተም በቤታችሁ መሥራት ብትፈልጉ ሥራው ከባድ አይደለም። 80 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር ለሚሆን የልጅ ብርድ ልብስ ወደ 1 ኪሎ ግራም ወፍራም ክር ያስፈልጋል። ሦስት ቀለም ምረጡ። መጀመሪያ 80 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ሰንሰለት ሥሩ። ከዚያ ክሩን በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥማችሁ፣ በቀዳዳው አስገብታችሁ ክር አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ይኖራል። ክር ያዙና ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሳቡት። መስመሩ ሲያልቅ ሁለት ሰንሰለት ሠርታችሁ ዙሩ። በየስድስት መስመሩ ቀለም ለውጡ። አዲሱን ቀለም የምታስገቡት የመጨረሻዋን ቀለበት ስትስቡ ነው፤ እንዲህ ከሆነ መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል።

በየመስመሩ ቁጠሩ። አንዲት ቀለበት በተዘለለች ቁጥር ልብሱ ሳይታወቅ እየጠበበ ይሄዳል። ሲቆረጥ የሚተርፈውን ክር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ወደ ውስጥ ስፉት፤ የሕፃን ጣት እንዳይጠመጠምበት። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ከማንደጃው ይራቅ፤ እሳት ያቀልጠዋል። እውነተኛ ሱፍ ከሆነ ደግሞ በፈላ ውኃ አትጠቡት፤ ይሰበሰባል። ጨቅላውን ስታለብሱም ፊቱ እንዳይሸፈን ተጠንቀቁ።

የተወደዳችሁ፣ በዘጸአት 22፥26-27 እግዚአብሔር ስለ አንድ ድሃ ልብስ ሕግ ሲሰጥ እናያለን። የድሃውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ታዘዘ፤ ለሌሊቱ ሌላ መሸፈኛ የለውምና። ሰማይንና ምድርን የሠራ አምላክ፣ አንድ ድሃ ማታ ምን ለብሶ እንደሚተኛ ይገደዋል። እኛስ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ በጸሎታችን መካከል ይህ ትዝ ይለናልን?

ባለ ትዳሮች ደግሞ መክብብ 4፥11ን በሠርግ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል፤ ሁለት ሆኖ መተኛት እንደሚያሞቅ ይናገራል። እኔ ግን ከደብረ ብርሃን በኋላ ስለዚህ ቃል የማስበው ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ሊበርዳቸው ይችላል። ሙቀቱ የሚመጣው አንዱ ሌላው የሚያስፈልገውን ሲያይና እጁን ሲያነሣ ነው። ያ ገበሬ ሚስቱን ለማጽናናት ቃል አላገኘም፤ የወይራ እንጨት ግን አገኘ።

ባሎች፣ ክር መያዝ የሴት ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ክሩን ስትጠቀልሉላት፣ መስመሩን ስትቆጥሩላት አንድ ምሽት ያልፋል፤ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቀምጦ። ሚስቶችም ባላችሁ በእጁ ለሚሠራው ትንሽ ነገር ስም ስጡት፤ አመስግኑት። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተቆጣ አይደለም፤ የሚጠቅምበት ቦታ የጠፋበትም አለ።

ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስለተቀሰቀሰ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሄድ ባትችሉም በአካባቢያችሁ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው አይጠፋም፤ ከግቢያችሁ በር ላይ የሚያድር ዘበኛ፣ ጎጆዋ የሚያፈስ ባልቴት፣ አራስ የሆነች የቤት ሠራተኛ። ብርድ ልብሱን ሁለት አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አንዱ ለቤታችሁ፣ አንዱ ለእነርሱ። የእነርሱን ግን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ እነርሱን ዛሬ ማታም ይበርዳቸዋልና።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።