የኮምፒውተርን ጓዳ ስለ ማጽዳት



ጓዳን ማጽዳት የቤቲቱ እመቤት ሥራ፥ መዝገብ ቤትን ማጽዳት የጸሐፊው ሥራ መሆኑን ሁሉ ያውቀዋል። በዛሬው ዘመን ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ጓዳ ተጨምሮልናል፤ ይኸውም የኮምፒውተር ዲስክ ነው። ይህ ጓዳ ሲሞላ እንደ ጋን ፈሶ አይታይም፤ እንደ ሣጥንም አልዘጋ ብሎ አያስቸግርም። መሙላቱ የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ሥራውን ሲያዘገይና ቦታ አልበቃኝም የሚል ቃል በስክሪኑ ላይ ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ምን እናጥፋ ብሎ ይመካከራል፤ አንዱ ፎቶግራፉን፥ አንዱ መዝሙሩን፥ አንዱ ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ያጠፋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቦታውን ይዞ የተቀመጠው ሰው የሠራው ነገር ሳይሆን፥ ኮምፒውተሩ ለራሱ ያስቀመጠው አሮጌ የማሻሻያ ፋይል ነው። ይህን ለይቶ ማጥፋት ይገባል። ለመለየት ግን አስቀድሞ ከፍቶ ማየት የሚያስፈልግ መሆኑን፥ በቤቴ ከሆነው ነገር ጋራ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ አሮጌው ፋይል ስለ ምን እንደሚቀመጥ ማወቅ ያሻል። ማይክሮሶፍት የሚባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ በየወሩ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፥ ማሻሻያ ያወጣል። አዲሱ ፋይል ሲገባ አሮጌው ወዲያው አይጣልም፤ አዲሱ ከማተሚያው ወይም ከሌላ ፕሮግራም ጋራ ባይስማማ ወደ ቀድሞው ለመመለስ እንዲቻል በአጠገቡ ይቈያል። እኛ በፍርድ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ ቍጥር 323፥ የተፈረደበት ሰው ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ተወስኗል፤ ስለዚህ ፍርዱ ቢነበብም ይህ ቀን እስኪያልፍ ድረስ የነገሩ በር ፈጽሞ አልተዘጋም። ኮምፒውተርም እንደዚሁ የይግባኝ ቀን አለው። ከአንዱ ዊንዶውስ ወደ ሌላው ያደገ ኮምፒውተር ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚችለው በተለመደው አሠራር 10 ቀን ያህል ነው፤ በወርኃዊ ማሻሻያ የተተካውን ክፍል ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ የጽዳት ሰዓት ቢያንስ 30 ቀን ጠብቆ ያነሣዋል።

አሁን በሞጆ፥ በእኔ ቤት ወደ ሆነው ነገር ልምጣ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ በቤታችን ያለውን ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲያዛውርልን ለአንድ ባለሙያ ሰጠነው። ዲስኩ 128 ጊጋባይት የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ አቈጣጠር 119 ብሎ ያሳየዋል። ባለሙያው አሮጌውን በደረጃ በማሳደግ ፈንታ አዲሱን እንደ አዲስ ጭኖ መለሰልን። ወደ ቤት አምጥተን ብንከፍተው ስክሪኑ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ባዶ ሆነ።

ባለቤቴ ይህን ባየች ጊዜ የጠየቀችው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የእማማ ድምፅ የት ገባ?» አለችኝ። እናቴ በ2014 ዓ.ም. ያረፈች ስትሆን፥ ከሁለት ዓመት አስቀድሞ የዘራችንን ቈጠራ እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ፥ አንድ ጊዜ በአማርኛ እየመላለሰች ስትናገር በስልክ ቀድተን በዚህ ኮምፒውተር አስቀምጠነው ነበር። የቀዳንበት ስልክ ከተሰበረ ቈይቷል። ድምፅዋ ያለው እንግዲህ በዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነበረ።

በዚያው ሳምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ፥ ለፈተና የምታጠናባቸውን የትምህርት ቪዲዮዎች ከጓደኞቿ ቀድታ ብትጨምርበት፥ ባዶ ቦታው 5 ጊጋባይት ብቻ ቀረና መስመሩ ቀይ ሆነ። እርሷም እንዲህ ያለውን ነገር ታውቃለችና ዲስክ ክሊንአፕ የሚባለውን ማጽጃ ከፍታ ጠራችኝ። «አባባ፥ ይመልከቱ፤ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን የሚል ተጽፎበታል፤ ያለፈው ዊንዶውስ ማለት ነው። ብቻውን 41 ጊጋባይት ይዟል። እርሱን ብናጠፋው ቦታው ይበቃናል» አለችኝ።

የተናገረችው እውነት ነበረ፤ ኮምፒውተሩም ራሱ እንዲህ ይል ነበርና። ነገር ግን 41 ጊጋባይት ለአንድ አሮጌ ዊንዶውስ እጅግ በዛብኝ። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ብራና የሚጽፉ አንድ አባት የተሳሳተውን ፊደል በካራ ሲፍቁ አይ ነበር፤ ከመፋቃቸው በፊት ግን መሥመሩን ከዳር እስከ ዳር ደግመው ያነቡት ነበር። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ከዕቃ ቤት የሚጣል ዕቃ አስቀድሞ በዝርዝር ሳይጻፍ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ለልጄ፥ «ከማጥፋታችን በፊት በውስጡ ያለውን እናንብብ» አልኋት።

እርሷም በ«ሲ» ዲስክ ውስጥ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባለውን ፎልደር ከፈተች፤ በእርሱም ውስጥ ዩዘርስ የሚባለውን፤ በዚያም ውስጥ በቤተ ሰባችን ስም የተጠራውን። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ፈቃድ ጠየቀን፤ ኮንቲኒው የሚለውን ብትጫን ተከፈተ። እነሆ፥ ደብዳቤው፥ ፎቶግራፉ፥ የልጆቹ የክርስትና ሥዕል፥ የእናቴም ድምፅ ሁሉ በየስፍራው ተቀምጦ ተገኘ። ከ41ዱ ጊጋባይት 14ቱ የእኛ የቤተ ሰቡ ነበር። ልጄ የድምፁን ፋይል ብትነካው፥ እናቴ ጕሮሮዋን ጠርጋ የአያቷን ስም ጠራች። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ በበሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዲስኩ ፎርማት ሳይደረግ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት፥ የቀድሞው ዊንዶውስ ከነተጠቃሚዎቹ ፋይል በአንድነት ወደ ዊንዶውስ ኦልድ ይገባል። ስሙ አሮጌ ሥርዓት ይበል እንጂ፥ በውስጡ የሰው ሀብት ሊገኝ ይችላል። ደግሞም ይህ ፎልደር ዘላለም አይቈይም፤ ቀኑ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ያነሣዋል። እንግዲህ ከፍቶ ማየቱም ሳይውል ሳያድር መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ የሠራነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ሌላውም ቤተ ሰብ ሊሠራበት ይችላል።

አንደኛ፥ የሰው የሆነውን ሁሉ በውጭ ወደሚሰካ ዲስክ ገለበጥን። ዶክመንትስ፥ ፒክቸርስ፥ ሚውዚክ፥ ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ የሚባሉትን አንድ በአንድ አየን። ከገለበጥንም በኋላ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ከፍተን መሥራቱን አረጋገጥን፤ የተገለበጠ ፋይል ሁሉ ይከፈታል ማለት አይቻልምና።

ሁለተኛ፥ የማንፈልገውን ለመለየት ዲስክ ክሊንአፕን ከፍተን ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ የሚለውን ተጫንን። ይህ ካልተጫኑ የማሻሻያው ፋይል በዝርዝሩ አይወጣም። በዝርዝሩ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ የሚለው በአዲስ የተተኩ የማሻሻያ ፋይሎችን የሚያነሣ ሲሆን፥ ለዊንዶውስ 7 የተጨመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ይህን ያለ ሥጋት መምረጥ ይቻላል፤ ዋጋው የቀድሞውን ማሻሻያ መልሶ ለማግኘት አለመቻል ብቻ ነው። ሴቲንግስ በሚባለው በኩል ቴምፖራሪ ፋይልስ የሚለውን የሚከፍት ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በዚያ ዝርዝር ዳውንሎድስ ጭምር ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ሰው የተላከለትን ደብዳቤና ማስረጃ የሚተወው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ምልክት እንዳይደረግበት።

ሦስተኛ፥ ማተሚያው ማተሙን፥ የግዕዝ ፊደል መጻፉን፥ ልጄ የምታጠናባቸው ፕሮግራሞች መከፈታቸውን ፈተንን። ኮምፒውተሩ በደረጃ ያደገለት ሰው ይህን ፈተና በ10ሩ ቀን ውስጥ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ዊንዶውስ ኦልድ ከጠፋ በኋላ የይግባኝ በር ይዘጋልና።

አራተኛ፥ ማጥፊያውን ተጫንን። በዚህ መንገድ የጠፋ ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ በዛሬዎቹ ኤስ.ኤስ.ዲ. ዲስኮችም የጠፋውን ባለሙያ እንኳ ብዙ ጊዜ ሊመልሰው አይችልም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደተባለው ነው።

41ዱ ጊጋባይት ለቀቀ፤ ከማሻሻያውም 3 ጊጋባይት ተገኘ፤ ከቀድሞው 5 ጋራ 49 ሆነ። የእኛን 14 መልሰን ብናስገባ 35 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ተረፈን። ልጄም ከቪዲዮዎቿ አንዱን ሳታጠፋ ጥናቷን ቀጠለች።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ የሚባል ትልቅ ፎልደር አለ፤ ብዙ ወጣቶች ስፋቱን አይተው በእጃቸው ሊያጠፉት ይመኛሉ። ይህ የዊንዶውስ ክፍሎች ሁሉ ማከማቻ ነው። አንዱ ፋይል በሁለት ስም በሁለት ስፍራ ስለሚቈጠር፥ መጠኑ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። በእጅ የነካው ሰው ኮምፒውተሩ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላልና፥ ጽዳቱ በራሱ በዊንዶውስ ማጽጃ ብቻ ይሁን። ባለሙያዎች ዲዝም በሚባለው ትእዛዝ ያጸዱታል፤ ሪሴት ቤዝ የሚል ቃል የጨመሩበት እንደሆነ ግን፥ እስከዚያ ቀን የገቡት ማሻሻያዎች ዳግመኛ ሊነቀሉ አይችሉም።

ይህን የምጽፈው ለቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ ሹማምንትና የሥራ መሪዎችም፥ ኮምፒውተር ለማስጠገንና ለማስጸዳት ስትልኩ ነገሩን በቃል ብቻ አትተዉት። በከተማችን በሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር መዓት ይታያል፤ ባዶ ነው የተባለውም ሲመለስ በሩ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል እንጂ በወሬ ብቻ ባዶ አይባልም። የአንድ ወረዳ ሕዝብ አቤቱታና ውል የተጻፈበት ዲስክማ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል። ስለዚህ ምን እንዳለበት፥ ምን እንደ ተገለበጠ፥ ምን እንዲጠፋ እንደ ተፈቀደ በወረቀት ተጽፎ፥ ሰጪውም ተቀባዩም ይፈርሙበት።

በእኛ ቤት የእናቴ ድምፅ ዛሬ በሦስት ስፍራ ይገኛል፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፥ አንዱ በሣጥን ውስጥ ባለው ዲስክ፥ ሦስተኛው አዳማ በምትኖረው እኅቴ ዘንድ። የየወሩንም የመጨረሻ ቅዳሜ የጽዳት ቀን አድርገነዋል፤ ማጥፊያውን የምትጫነው ልጄ ስትሆን፥ ዝርዝሩን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው ግን ባለቤቴ ናት።