ሞቶርና ጎረቤት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ሳትሰማው አልቀረህም። ነገር ግን ሃምሳውን ሎሚ ያለ ድካም ብቻውን የሚሸከም ሞቶር በተገኘ ጊዜ ምሳሌው ምን ይሆናል? ሥራው በቶሎ ያልቃል፤ የተሸካሚዎቹስ ወዳጅነት? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ፍልስፍና ሳይሆን ጀልባ የሚገፋ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሚኒሶታ 10,000 ሐይቆች ያሉባት መሆንዋ በመኪና ሰሌዳ ላይ ሳይቀር የሚጻፍባት አገር ናት፤ ስለዚህ በዚያ ጀልባ የባለጠጋ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሠራተኛ ቤተ ሰብ ዕቃ ነው። አጎቴ ባሕር ዳር ያደጉ ናቸውና ጣና ከልባቸው አልወጣም። የጣና የደንገል ታንኳ ውሃ በጠጣ ጊዜ ወደ ዳር ተጐትቶ ለፀሓይ የሚሰጣ ቀላል ነገር ነው፤ የአጎቴ ጀልባ ግን ከነሞቶሩና ከነተሳቢው 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ሐይቅ ይሄዳል፤ ማታ ተመልሶ ይገባል።

«እንግዲያስ በመኪና ገፍቶ ማስገባት ነዋ!» ትል ይሆናል። ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳት የሞከረ ሰው ግን ችግሩን ያውቀዋል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ደጃፉም ጠባብ ሲሆን መኪናው የሚዞርበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ተሳቢውን ከመኪናው ፈትቶ በሰው ጕልበት መግፋት ግድ ይሆናል።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ሒሳቡን ልንገርህ። በጎማ ላይ ያረፈ 1,000 ኪሎ በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ለመግፋት 15 ኪሎ ያህል ኀይል ይበቃል። ዳሩ ግን የአጎቴ ደጃፍ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ነው፤ ይህች ትንሽ ዳገት ብቻዋን 50 ኪሎ ትጨምራለች። በጠቅላላው 65 ኪሎ ኀይል ሳያቋርጡ መግፋት፣ ይልቁንም ዕድሜው ስድሳን ላለፈ ሰው፣ ወገብ መስበር ነው። በዚህ ምክንያት አጎቴ ሁለት ጎረቤቶች ይጠሩ ነበር፤ አንደኛው የፋብሪካ ሠራተኛ ጐልማሳ፣ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ጀልባው ሲገባ ቡና ይፈላል፤ ሽማግሌውም በረካውን ሳይጠጡ አይሄዱም ነበር።

ኋላ ግን አጎቴ በሞቶር የሚሠራ መግፊያ ገዙ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባትሪ ሞቶሩን ያንቀሳቅሳል፤ ማርሹም ፍጥነቱን ቀንሶ ጕልበቱን በማብዛት ሁለት ወፍራም ጎማዎችን ያዞራል። የተሳቢው የፊት ብረት በመሣሪያው ላይ ባለው የብረት ሉል ላይ ይቀመጣል፤ ሰው እጀታውን ይዞ ቍልፉን ሲጫን 1,000 ኪሎው እንደ ገራም በቅሎ በዝግታ ይሄዳል። አጎቴ ብቻቸውን ጀልባውን ሲያስገቡ አይቼ ደስ አለኝ። ቡናው ግን አልተፈላም። ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው በአጥር በኩል ቀርበው፣ «መጥራቱን ተዉት፤ ያስቀየምሁዎ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁ አጎቴ የሚመልሱት አጡ።

መልሱን ያገኘነው ከመሣሪያው ከራሱ ነው። ጎማ መሬትን የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት መጠን ነው። የተሳቢው የፊት ብረት 100 ኪሎ ቢጫነው፣ የመሣሪያውም ክብደት 50 ኪሎ ቢሆን፣ ድምሩ 150 ነው። ደረቅ ሲሚንቶ ከዚህ ስድስት ዐሥረኛውን፣ ማለት 90 ኪሎውን ቢይዝ፣ 65ቱን ለመግፋት ይበቃል። ዝናብ ወይም የረገፈ ቅጠል መያዣውን በግማሽ ከቀነሰው ግን 45 ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሞቶሩ ምንም ቢበረታ ጎማው ይንሸራተታል፤ መያዣው ከዚህም ይበልጥ ካነሰ ተሳቢው ቍልቍል ተመልሶ ከታች እጀታውን በያዘው ሰው ላይ ሊመጣ ይችላል። የሚያቆመው ከጎማው ሥር ያለ ታኮ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ከተሳቢው ጎን ቆሞ፣ ረጅም እጀታ ባለው እንጨት ታኮውን ከጎማው ኋላ ማስከተል ይኖርበታል።

ይህን በወረቀት ጽፌ ባሳየኋቸው ጊዜ አጎቴ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲህ ሽማግሌውን ጥራቸው፣ ልጄ» አሉኝ። ሽማግሌው እየሣቁ መጡ። እንደ ድሮው መግፋት ቢከብዳቸውም ታኮ ለማስከተል ዐይናቸው የነቃ ነው። ጐልማሳውም ወሬውን ሰምቶ ለቡናው ደረሰ።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ጀልባ የለህ ይሆናል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤትህ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ፣ ፋይል ይዞ ወደ ክፍልህ ይመላለስ የነበረውን ባልደረባህን ስንት ቀን ሳታየው ቀረህ? ተማሪም ብትሆን፣ መልሱን ከስልክህ ማግኘት ከጀመርህ ወዲህ ከጓደኛህ ጋር ያጠናኸው ስንት ቀን ነው? መሣሪያ ወገብን ማሳረፉ መልካም ነው፤ እኔም አጎቴ መግፊያውን ይመልሱት አላልሁም። ሸክሙ በቀለለልህ ጊዜ ግን አብሮህ ይሸከም የነበረውን ሰው አታሰናብተው፤ ጕልበቱን ባትፈልገው እንኳ ታኮውን የሚይዝልህ እሱ ነውና።