የናይቫሻ መኪና

ለዕረፍት ናይሮቢ የሚመጡ ልጆቻችን ትኬት ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መኪና ነው። «አክስቴ፣ ተከራይቼ ራሴ ልንዳ ወይስ በታክሲ ይሻላል?» ከሚኒሶታም፣ ከሜልበርንም፣ ከዱባይም ይደውላሉ። አብዛኞቹ የሚያርፉት እዚሁ እኔ ያለሁበት ኪሌሌሽዋ ሰፈር ነው። ጃካራንዳ ያጠላበት ሰፋፊ ግቢ ፈርሶ ፎቅ ተተክቷል፤ ፎቁም በቀን ሒሳብ ለእንግዳ በሚከራይ አፓርታማ ተሞልቷል።

መልሴን አልደብቅም፤ ከተማ ውስጥ አትንዱ። ኬንያ መንገዱ በግራ፣ መሪው በቀኝ ነው። አገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ እንደነበር የድሮ ሾፌሮች ያስታውሳሉ፤ የዛሬ ልጅ ግን እጁም ዓይኑም ሌላ ለምዷል። ፍሬቻ አሳያለሁ ሲል የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳል። ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራኝ አደባባዩ ነው፦ መኪናው ከቀኝ እየመጣበት እሱ ወደ ግራ ያያል፤ በዚህ መሀል ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ይገባል፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል በጎን ይሾልካል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ከምሎሎንጎ ዌስትላንድስ የሚዘልቀው የ27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ሞተር ሳይክል ስለማይገባበት ይሻላል፤ ከሱ ሲወርዱ ግን ያው ናይሮቢ ነው። ለከተማው በስልክ የሚጠራ ታክሲ ሞልቷል። ከከተማ ለመውጣት ግን ተከራዩ፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ኑ፣ ሳይመሽም ተመለሱ።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ አልነበረም። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ሞያሌን ተሻግረን የመጣን ሰዎች መንጃ ፈቃድ ቀርቶ ኪፓንዴ (መታወቂያ) ስንጠየቅ የምናሳየው የረባ ወረቀት አልነበረንም። ኪሌሌሽዋን የማውቃት በእግሬ ነው። የማታቱ ሒሳብ ለማትረፍ ከሀርሊንግሃም ዌስትላንድስ በዚህ ሰፈር አቋርጠን እንሄድ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ውሻ ይጮኻል፤ ከበሩ ዘበኛ ቀና ብሎ ያየናል። እዚህ ሰፈር አንድ ቀን ቤት ይኖረኛል ብዬ አላሰብኩም።

መኪና የምንከራየው የአንዱ ፕሮሰስ፣ ወደ ውጭ አገር የመሄጃው ጉዳይ፣ ሲያልቅ ነበር። ካናዳ ወይ አሜሪካ የሚሄደውን ሰው ሳይበር በፊት ናይቫሻ ወስደን እናዝናናዋለን። ገንዘቡን ሁላችን እናዋጣለን፤ ተሸኚው አምስት ሳንቲም አያወጣም። የሚመጣው ከነሾፌሩ ያረጀ ፔጆ 504 ነው፤ ከወንበሩ በላይ ሰው ይጫንበታል፣ ልጅ በጭን፣ ድፎው በልጁ ላይ። የሚቹኪ የሚባለው የትራፊክ ደንብ ወጥቶ ማታቱዎች ሁሉ ቀበቶ ማሰር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ያኔ የሚቆጥረን አልነበረም።

ከመካከላችን በደርግ ጊዜ የደሴን መስመር በከባድ መኪና የሠራ ሰው ነበር። ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ወደ ማይ ማሂዩ ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሩ ወለሉን ፍሬን አድርጎ ይረግጣል። ያንን መንገድ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ያጋዟቸው የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ፣ እኛም አገር ጭምር ተሸንፈው የተያዙ። እ.ኤ.አ. በ1942 የሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤት እስከ ዛሬ ከመንገዱ ዳር አለች። ሾፌራችን ይህንን ሲነግረን የደሴው ሰው መኪናውን አስቆመና ወረደ። «ጣርማበርን የፈለፈሉት እነዚህ ናቸው» አለ። ያንን ዋሻ ስንት ሌሊት እንዳለፈበት፣ ጉሙ እንዴት እንደሚያሳውር፣ ረዳቱ በባትሪ እየመራ እንዴት እንዳሻገረው አጫወተን። ከዚያ በፊት ስለ አገሩ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ተሸኚው ሲያለቅስ እኛም አለቀስን፤ ከታች ሎንጎኖት ተራራ ይታያል። የደሴው ሰው ፕሮሰሱ ሳያልቅ አረፈ። የቀበርነው እዚሁ ነው።

ዛሬ ያኔ የሸኘናቸው ሰዎች ልጆች ናቸው የሚመጡት። አድጎ፣ ተምሮ፣ ራሱን ችሎ መኪና ተከራይቶ ሲመጣ ማየት የሚያኮራ ነው፤ እናቱን በጭኗ ይዛው ያየሁ ሰው ደግሞ የበለጠ እኮራለሁ። ግን መኪናው ውስጥ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ነው ያለው። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ስልኩን ያያል፤ መንገዱ ከመዘጋጋቱ በፊት መውጣት አለበት። በማግስቱ የናይቫሻን ጉማሬ ፎቶ ይልክልኛል። ጥሩ ፎቶ ነው። ከኋላው ሦስት ባዶ ወንበር ይዞ ነው የሄደው።

ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ደግሞ ዛሬም ፕሮሰስ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ከክፍላቸውና ከስልካቸው ውጭ የሚያውቁት የላቸውም፤ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ሐይቅ አላዩትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው «ደህና ነን እትዬ» ይላሉ።

በቀደም የእህቴ ልጅ ደወለ፤ ለገና ይመጣል። ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ተከራይ» አልኩት። «ትንሿን ግን አይደለም፣ ሰባት ሰው የምትይዘውን። ወረቀት ያለውን ሰው ለይቼ ስማቸውን እልክልሃለሁ፤ ጠዋት ኢስሊ ገብተህ ታነሳቸዋለህ። ድፎው የኔ ነው።» ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ የኋላው ወንበር ለረጅም ሰው ይመች እንደሆነ ጠየቀኝ።