የማያውቁትን ስፍራ ባዶ ስለ መተው

የሰው ጠባይ ከሚያውቀው ነገር ይልቅ የማያውቀውን በሚይዝበት አኳኋን ይገለጣል። ያወቁትን መናገር ለማንም አይከብድም፤ ያላወቁትን ግን «አላውቅም» ብሎ ስፍራውን ባዶ መተው ጭንቅ ነው፤ ባዶ ስፍራ ያሳፍራልና። ይህን አሳብ በልጅነቴ ተማርሁት፤ በጕልምስናዬ አስተማርሁት፤ በእርጅናዬ ደግሞ ከገዛ ልጄ እንደ አዲስ ተቀበልሁት። ልጄ ያስተማረኝም በቪዲዮ ጨዋታ መክፈቻ ሥዕል ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የቃል ጽሕፈት ያስጽፉን የነበሩት መምህር አንድ ሕግ ነበራቸው። ቃሉን ያልሰማ ልጅ በስፍራው መስመር አስምሮ ባዶ ይተው፤ ከጎረቤቱ አይቅዳ፤ ከራሱም አይፍጠር ይሉ ነበር። ባዶ ለተወ አንድ ነጥብ፣ ፈጥሮ ለጻፈ ግን ሁለት ነጥብ ይቀንሱ ነበር። እኔም መምህር በሆንሁ ጊዜ ይህንኑ ሕግ ሳላጎድል ጠበቅሁ፤ በክፍል ውስጥ ማለቴ ነው። በቤቴ ያደረግሁትን ግን አሁን እነግራችኋለሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ገና ተማሪዎች ሳሉ፣ አክስታቸው ከዱባይ ስትመለስ ፕሌይስቴሽን 2 የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ይዛላቸው መጣች። ይህ መሣሪያ በየካቲት 1992 ዓ.ም. በጃፓን አገር ለገበያ የወጣ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በአዲስ አበባም በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባል ተከፍቶ፣ ልጆች በየጨዋታው እየከፈሉ ይሰለፉበት ነበር። ከክፍል የጠፋ ተማሪ ስፈልግ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ስለ ነበር፣ መሣሪያው ገና ቤቴ ሳይገባ ጠላቴ ነበረ።

መሣሪያው ሲከፈት በመስኮቱ ላይ ጨለማ ይታያል፤ በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ጉም፣ በጉሙም መካከል ከሰማይ ሆነው እንደሚያዩት ከተማ ማማዎች ቆመው ይታያሉ። ጨዋታ ያልገባበት እንደ ሆነ፣ ዐይን በጉሙ ውስጥ አልፎ ሜኑ ወደሚባለው የምርጫ ገጽ ይደርሳል፤ በዚያም ከጽሑፉ በስተጀርባ የብርሃን እንክብሎች ይዞራሉ። እኔ ይህን ሁሉ ከንቱ ጌጥ አድርጌ እመለከተው ነበር። ነገር ግን ማማዎቹ ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ሜሞሪ ካርድ የምትባል፣ 8 ሜጋባይት የምትይዝ ትንሽ ካርድ ከመሣሪያው ትሰካለች። መሣሪያው በካርዷ ላይ የተመዘገበውን የጨዋታ ታሪክ እያነበበ ለያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ማማ ያቆማል፤ ደጋግመው የተጫወቱት ጨዋታ ማማውም ከፍ ይላል። ካርዷ ከሌለች ማማ የለም፤ ጉሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚታየው ከተማ የዚያ ቤት ልጆች የሠሩት ነው እንጂ በሌላ ቤት አይገኝም።

ታናሹ ልጄ በሒሳብ ፈተና በወደቀ ጊዜ ተቈጣሁ። መሣሪያውን ብሰብር እጠየቃለሁ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ ካርዷን ነቅዬ ከቆሻሻ ጋር ጣልኋት። ማታ ልጆቹ ፈልገው ቢያጧት ጠየቁኝ፤ «እኔ ምን ዐውቄ!» አልኋቸው። ያን ዕለት ቤቱን የጠረገችው በቤታችን ትረዳን የነበረች ልጅ ነበረች። እርሷ ተጠየቀች፤ ባለቤቴም ገሠጸቻት፤ ልጆቹም ብዙ ቀን አኰረፏት። እኔም ዝም አልሁ።

ዘመን አለፈ። ታላቁ ልጄ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ታናሹ በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጻፍ ይተዳደራል። ባለፈው ዓመት ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ያንን የልጅነቱን መክፈቻና የሜኑውን ጀርባ እንደገና ለመሥራት ተነሣ። መሣሪያዎቹን በአዲስ ከለወጠ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አሮጌውን መሣሪያ ገዝቶ አመጣ። እኔም «ይህን ያህል ከምትደክም በቪዲዮ አንሥተህ አታስቀምጠውምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

እርሱም በትዕግሥት አስረዳኝ። ሜኑው በቪዲዮ ሲቀዳ የምርጫው ጽሑፍ ከጀርባው ሥዕል ጋር አብሮ ይቀዳል። ደግሞም ሥዕሉ ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የተሠራ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ሰፊ መስኮት ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ ግን ሥዕሉ የተዘጋጀ ፊልም አይደለም፤ የኛው መሣሪያ በያንዳንዱ ሰከንድ 50 ጊዜ እያሰላ አዲስ ይሥለው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 የጀርባውን ቀለም በየወሩ ይለውጥ ነበር፤ የአንድ ወር ቪዲዮ የዓመቱን መልክ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉን ከመቅዳት ይልቅ ሥዕሉን የሚያወጣውን ስሌት መጻፍ ይሻላል አለኝ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከአሮጌው መሣሪያ የተቀዳውን አንድ በአንድ እያቆመ፣ ጉሙ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነዳ፣ ብርሃኖቹ በስንት ሰከንድ እንደሚዞሩ፣ ዐይን በማማዎቹ መካከል በየት እንደሚያልፍ ይለካል። የለካውን በፕሮግራም ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ያለ ጽሑፍ፣ በሰፊው መስኮት ልክ ይሥለዋል። ሲቀዳም ኮምፒዩተሩ አይቸኩልም። አንዱን ሥዕል ሥሎ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሰዓት የሰከንድ አንድ ኀምሳኛ ብቻ ወደ ፊት ገፍቶ ሁለተኛውን ይሥላል። አንዱ ሥዕል አንድ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ሲገጣጠሙ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ለዐሥር ደቂቃ ቪዲዮ 30,000 ሥዕል ያስፈልጋል። መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥምም ሒሳብ አለው፤ አንዱ ብርሃን በ8 ሰከንድ፣ ሌላው በ12 ሰከንድ የሚዞር ቢሆን፣ ሁለቱ አብረው ከመነሻቸው የሚመለሱት በ24ኛው ሰከንድ ነው፤ ስፌቱ እንዳይታይ ቪዲዮው በዚያ ይቈረጣል። በሒሳብ ወድቆ የነበረው ልጄ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን አቀረቀርሁ።

«ከደከምህ አይቀር ለምን አታሳምረውም? ቀለሙን ብታደምቀው፣ ጉሙን ብታቀጥነው» አልሁት። እርሱም በመስከረም 1994 ዓ.ም. ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስላወጣው ጌምኪዩብ ነገረኝ። በዚያ መሣሪያ ሜኑ ላይ እጅግ ዝግ ያለ ዜማ ይሰማል። ሰዎች ያንን ድምፅ አፍጥነው ቢሰሙት፣ ያው ኩባንያ በ1978 ዓ.ም. ያወጣው ፋሚኮም ዲስክ ሲስተም ሲከፈት የሚያሰማው ዜማ ሆኖ ተገኘ። «አየህ አባዬ፣ ቀጂው ዜማው ዘገየብኝ ብሎ ቢያሻሽለው ኖሮ ይህ ምስጢር በቅጂው ውስጥ አይገኝም ነበር። እኛ ያልገባንን ሌላው ሊያገኘው ይችላል» አለኝ።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ የማማዎቹ ነገር መጣ። የገዛው መሣሪያ ካርድ ስላልነበረው፣ ማማዎቹን ከትዝታ ማውጣት ነበረበት። ለወንድሙ ስልክ ደወለ። ታላቁ ሰባት ነበሩ አለ፤ ታናሹ አምስት ናቸው ይላል። የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ እየጠሩ ቢቈጥሩ፣ ሁለቱም የተስማሙት በአራት ብቻ ነው፤ የእግር ኳሱ ማማ ከሁሉ ይረዝም እንደ ነበር ግን አልተከራከሩም። እኔም ከአጠገቡ ተቀምጬ «እንግዲያውስ ሰባት አድርገው፤ ማን ያውቅብሃል?» አልሁት።

«ያላስታወስሁትን ማማ ባቆም የኔ ፈጠራ ነው እንጂ የኛ ከተማ አይሆንም» አለኝና አራቱን ብቻ አቆመ፤ የቀረውን ለጉሙ ተወው። በቪዲዮው መጨረሻም፣ ይህ ሥዕል እንደገና የተሠራ እንጂ ከመሣሪያው የተቀዳ አለመሆኑን፣ ማማዎቹም ሁለት ወንድማማቾች የተስማሙባቸው ብቻ መሆናቸውን ጻፈበት። ከዚያም፣ «ያች ካርድ ባትጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ አያከራክረንም ነበር» አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ በጨዋታ ሥዕል ላይ እንኳ አንድ ሐሰተኛ ማማ ለማቆም እንቢ አለ። እኔ ግን በቤቴ መዝገብ ላይ ባዶ መተው እንኳ ሳይሆን፣ በኔ ጥፋት ስፍራ የሌላ ሰው ስም እንዲጻፍ ፈቅጄ ሃያ ዓመት ኖርሁ።

በማግሥቱ ለታናሹ ነገርሁት። ለታላቁም በስልክ ነገርሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ለእርሷስ ነግረሃታል?» ብቻ አለኝ። የዚያችን ልጅ ስልክ በዘመዶቿ በኩል አፈላልጌ አገኘሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፤ የልጆች እናትም ሆናለች። ነገሩን ተናግሬ ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያኔውኑ ዐውቄ ነበር። ቆሻሻውን የምደፋው እኔ አይደለሁ? ካርዷን ከውስጡ አየኋት፤ ጋሼ የጣሉትን እኔ እንዴት አነሣለሁ ብዬ ተውኋት» አለችኝ። እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ። ለካስ ምንም የማታውቅ የመሰለችኝ ልጅ ሁሉን ዐውቃ፣ የኔን ክብር ስትጠብቅ፣ በኔ ፈንታ ተወቅሳ ኖራለች።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! አንተ የምትኖርበት ዘመን ያለፈውን ነገር እንደገና ለመሥራት ታላቅ ኀይል ተሰጥቶታል። የደበዘዘው ፎቶግራፍ ይጠራል፤ የተቈረጠው ድምፅ ይቀጠላል፤ ማንም ያላየው ፊት እንኳ እንደታየ ሆኖ በኮምፒዩተር ይሣላል። ባዶውን መሙላት እንዲህ በቀለለበት ዘመን ባዶውን መጠበቅ የበለጠ ብርታት ይጠይቃል። የጠፋን ነገር ስትመልስ ያወቅኸውን በትክክል አኑር፤ የሠራኸውንም «እኔ ሠራሁት» በል፤ ያላወቅኸውን ባዶ ተወው። ነገር ግን የጎደለውን ያጎደልኸው አንተው ራስህ እንደ ሆንህ፣ ባዶ መተው አይበቃም፤ በዚያ ስፍራ የገዛ ስምህን ጻፍበት።

ልጄ የሠራው ሥዕል አሁን ማታ ማታ በሳሎናችን ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። በጉሙ ውስጥ አራት ማማዎች ቆመዋል፤ የቀሩት ስንት እንደ ነበሩ የምትነግረንን ካርድ የጣልኋት እኔ ነኝ። እንግዳ መጥቶ ስለ ሥዕሉ ሲጠይቀኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ።