ባትል ክሪክ፦ የካርቶን ቁርስ የተወለደባት ከተማ

አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ወጥ ቤት ግቡና የኮርን ፍሌክስ ካርቶናችሁን አንሱ። ጎኑን ስታነቡ «ባትል ክሪክ፣ ሚሺገን» የሚል አድራሻ ታገኛላችሁ። ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ጀምሮ በየጠዋቱ ፊታቸው የሚቀመጥ ስም ነው። ዘንድሮ በሰመር እረፍት ሄደን አየናት። እናንተም ልጆች ይዛችሁ ለመሄድ ብታስቡ ምን እንደምታገኙ፣ ምን እንደማታገኙ፣ በተለይ ደግሞ ከዚያች ከተማ የወጣው ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲቀመስ ምን እንደሚመስል ላጫውታችሁ።

መንገዱ አያስቸግርም። ከዲትሮይት በአይ-94 ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል መንዳት ነው። ከቺካጎ ለምትነሱ ባቡር አለላችሁ፤ አምትራክ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይቆማል። ሚሺገን ከቺካጎ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም ብቻ አትርሱ።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የሚኖርባት ሕዝብ 50 ሺህ ያህል ነው። ነፋሱ ከፋብሪካዎቹ በኩል ከመጣ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ የተቆላ እህል፣ ላዩ ላይ ትንሽ ስኳር ያረረበት። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ አብራን የነበረችው እናቴ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገችና «ማን ነው በዚህ ሁሉ ቆሎ የሚቆላው?» አለች።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁን «ፋብሪካ ገብተን እናያለን» ብላችሁ እንዳታስጎመጁ። ኬሎግ የፋብሪካ ጉብኝቱን በ1986 አቁሟል፤ ተፎካካሪዎች አሠራሬን ይሰልላሉ ብሎ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1998 የተከፈተው የሲሪያል ሙዚየምም በ2007 ተዘግቷል። የቀረው በጁን ወር የሚደረገው የሲሪያል በዓል ነው፤ መሀል ከተማ መንገድ ላይ ረጅም የቁርስ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ቀኑን አጣርቶ መሄድ ነው።

ለምን እዚህ ተወለደ ብትሉ፣ ነገሩ የጀመረው በሕክምና ቤት ነው። በ1866 የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ምእመናን እዚህ የጤና ተቋም ከፈቱ፤ በኋላ ባትል ክሪክ ሳኒታሪየም ተባለ። ከ1876 ጀምሮ የመራው ሐኪም ጆን ሃርቪ ኬሎግ ነበር። ዶክተሩ ለሕሙማኑ ሥጋ አያስበላም፤ አልኮልማ አይነሣም። ቡናም ክልክል ነው። ይሄን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ በምን ይድናሉ?» አለችኝ። ጾም ለለመደ ሰው ግን የምግቡ ነገር ብዙም አይደንቅም፤ እህል፣ ለውዝ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት ነው።

በ1894 ዶክተሩና ታናሽ ወንድሙ ዊል የተቀቀለ ስንዴ በመዳመጫ ሲያሳልፉ እያንዳንዷ ፍሬ ስስ ቅርፊት ሆና ወጣች። ጋግረው አቀረቡት፤ ሕሙማኑ ወደዱት። ቆይቶ በበቆሎ ተሠራና ዛሬ የምናውቀው ኮርን ፍሌክስ ሆነ። ወንድማማቾቹን ያቃቃራቸው አንዱ ነገር ደግሞ ስኳር ነው። ዊል «ለገበያ እንዲሆን ትንሽ እናጣፍጠው» ሲል ዶክተሩ አሻፈረኝ አለ። በ1906 ዊል የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀዩ የኬሎግ ጽሕፈት የመጣው ከእሱ ፊርማ ነው። እንግዲህ በየቤታችን ጠዋት ጠዋት ከልጆች ጋር የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ ከመቶ ዓመት በፊት ሁለት ወንድማማቾችንም አጨቃጭቋል ማለት ነው።

ሌላው ሰው ቻርልስ ፖስት ነው። በ1891 ታሞ ለመታከም መጣ፤ ከዚያም እዚያው ከተማ ውስጥ ንግድ ጀመረ። በ1895 ከተቆላ ስንዴና ከሞላሰስ የተሠራ ፖስተም የሚባል የቡና ምትክ አወጣ፤ በ1897 ደግሞ ግሬፕ ናትስን። ስሙ የወይንና የለውዝ ይሁን እንጂ ውስጡ ወይንም ለውዝም የለበትም። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ድርብ ሺፍት ለምትሠሩ ደግሞ አንዲት ነገር ላክልላችሁ። በ1930፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ዊል ኬሎግ የፋብሪካውን የሥራ ቀን ከስምንት ሰዓት ወደ ስድስት አወረደው። በሦስት ሺፍት ፈንታ አራት ሆነ፤ ብዙ ሰው እንዲቀጠር ብሎ ነው።

የሳኒታሪየሙ ሕንፃ ዛሬም አለ። 15 ፎቅ ያለው ግንቡ ከሩቅ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ገዝቶት የቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታል ሆኖ ነበር። እዚያ ታክመው በኋላ ሴናተር በሆኑት በሦስቱ በፊሊፕ ሃርት፣ በቦብ ዶልና በዳንኤል ኢኖዬ ስም ተሰይሟል። አሁን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከውጭ ብቻ ነው የምታዩት።

ጊዜ ካላችሁ ኦክ ሂል የሚባለውን የመቃብር ስፍራ ሳታዩ አትመለሱ። ሁለቱም ኬሎጎች፣ ፖስትም እዚያ ነው ያረፉት። እኛ የሄድነው ግን ለሶጆርነር ትሩዝ ነው። በባርነት ተወልዳ፣ ነጻ ወጥታ፣ ባርነትን ስትቃወም የኖረች ሴት ናት፤ በ1857 ወደዚህ አካባቢ መጥታ በ1883 እዚሁ አረፈች። ትልቋ ልጄ ታሪኳን በትምህርት ቤት ተምራው ስለነበር በዚያች ሰዓት አስጎብኚያችን እሷ ሆነች። መሀል ከተማም ትልቅ ሐውልት አላት።

አሁን ወደ ቅምሻው። ከግሮሰሪ ስድስት ዓይነት ገዛን፦ ኮርን ፍሌክስ፣ ፍሮስትድ ፍሌክስ፣ ፍሩት ሉፕስ፣ ሃኒ ስማክስ፣ ግሬፕ ናትስና ፖፕ ታርትስ። እናቴ ከሻንጣዋ በሶ አወጣች። ወንዙ ዳር ያለ መናፈሻ ውስጥ ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። ሕጉ ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ በወተት፣ ነጥብ በጣት። ለመዋሸት አይቻልም፤ ጣት ሁሉም ሰው ፊት ነው የሚወጣው።

ኮርን ፍሌክስ በደረቁ ጥሩ ነው። ያለ ስኳር ያለ ቢመስላችሁም ትንሽ አለበት፤ ዋናው ጣዕሙ ግን የበቆሎና የብቅል ነው። አዎ፣ ብቅል! ዝርዝሩ ላይ የብቅል ጣዕም ተብሎ ተጽፏል። (ስለዚህ ግሉተን ለማይስማማው ልጅ በቆሎ ነው ብላችሁ አትስጡ፤ ብቅሉ ከገብስ ነው።) ችግሩ ወተት ሲነካው ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይቆይም፣ ይልማል። ከልጆቹ አምስት አምስት ጣት አገኘ።

ፍሮስትድ ፍሌክስ ያው ኮርን ፍሌክስ ነው፣ ስኳር ለብሶ። ልብሱ ወተቱን ስለሚከላከል ቶሎ አይርስም። ለዚህም ነው ልጆች «ይሻላል» የሚሉት፤ ስኳሩ ብቻ አይደለም፣ መንኮሻኮሹም ነው። አሥር ጣት። አንድ ኩባያው ውስጥ ግን 12 ግራም የተጨመረ ስኳር አለ። አራት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስድስት ማንኪያ መሆኑ ነው፤ ያውም ለቀኑ በሙሉ።

ፍሩት ሉፕስ ላይ ስትደርሱ የልጆቻችሁን ዓይን በሻርፕ እሰሩ። ትንሹ ልጄ «ቀዩ እንጆሪ ነው፣ አረንጓዴው ሎሚ ነው» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር። ዓይኑ ታስሮ ሲቀምስ አንዱንም አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም፤ ቀለሙ ይለያያል እንጂ ጣዕሙ የሁሉም አንድ ነው። እኔ በቃሌ ብነግረው ኖሮ አያምነኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግሮሰሪ ውስጥ ባለቀለም ካርቶን ሲያይ «ይሄስ ያታልላል?» እያለ ይጠይቃል። ከጉዞው ሁሉ ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።

ሃኒ ስማክስን በአጭሩ ልለፈው። የስንዴ ፈንድሻ ነው። በ1953 ሲወጣ ስሙ «ሹገር ስማክስ» ነበር፤ ሹገሩ ከስሙ ወጣ እንጂ ከካርቶኑ አልወጣም። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። እናቴ አንዴ ቀምሳ «ይሄ ከረሜላ ነው፣ ለእንግዳ ነው የሚቀርበው» ብላ ገፋ አደረገችው።

ግሬፕ ናትስ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ልጆቹ ደረቁን ነክሰው «ጠጠር ነው!» ብለው ሁለት ሁለት ጣት ሰጡት። እናቴ ዘገነች፣ አሸተተች፣ ትንሽ አላመጠች። «የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ነው። ብቅልም አለበት፤ የጠላ ድፍድፍ ይሸተኛል» አለች። ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩላት፦ የስንዴ ዱቄት፣ የገብስ ብቅል ዱቄት፣ ጨው፣ እርሾ። አሠራሩም እሷ እንዳለችው ነው፤ እንደ ዳቦ ተጋግሮ፣ ተፈርፍሮ፣ እንደገና ይደርቃል። እንግሊዝኛ ሳታነብ በአፍንጫዋ አወቀችው። «ጉድ እኮ ነው፣ ይሄን ያህል መንገድ መጥቼ ብቅል!» አለችና ወተት አፍስሳበት ትንሽ እስኪርስ ጠበቀች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልጆቹ ከእሷ ሳህን መቅመስ ጀመሩ፤ ሁለት ጣት የነበረው ሰባት ሆነ። የተጨመረ ስኳር የለበትም።

ቀጥሎ በሶ መጣ። ነገሩ ከዚህች ከተማ ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ ቀድሞ የበሰለ እህል፣ እሳት የማይፈልግ፣ ለመንገደኛ የሚሆን። እናቴ በትንሽ ውሃና ማር ጭብጦ አድርጋ ጠቀለለችው። ትልቋ ዘጠኝ ጣት አወጣች። ትንሹ አራት፤ «ቀለም የለውም» አለ፤ ግን ሁለት በላ።

ፖፕ ታርትስን መጨረሻ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። የ1964 ፈጠራ ነው፤ በአንድ ብልጭልጭ መጠቅለያ ሁለት ይገባል። እንጆሪው ሁለቱ ተደምሮ 30 ግራም ገደማ የተጨመረ ስኳር አለው፤ የቀኑን ኮታ በአንድ መጠቅለያ አለፍን ማለት ነው። ደግሞ ስኳር የተቀባው ጄላቲን አለበት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጾም ለምትጾሙም ሐላል ለምትጠብቁም የሚያስፈልግ ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ግዴታ የለም። ፍሮስትድ ሚኒ ዊትስ ውስጥም፣ የሌላ ኩባንያ በሆነው ለኪ ቻርምስ ማርሽማሎ ውስጥም አለ። ብዙዎቻችን ስንቸኩል የምናየው ከዝርዝሩ ሥር ያለውን «ኮንቴይንስ» የሚለውን አጭር መስመር ነው። ያ መስመር የአለርጂ ነው። ወተትና እንቁላል ካለበት ይነግራችኋል፤ ለሁዳዴ 55 ቀን ትልቅ እርዳታ ነው። ጄላቲን ግን በአለርጂ ስለማይቆጠር እዚያ አይገኝም። ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። አውሮፓ ያላችሁም እንደዚሁ ናችሁ፤ ወተትና እንቁላሉ ዝርዝሩ ውስጥ ጎላ ብሎ ይጻፋል፣ ጄላቲኑ ግን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ያልፋል። አንዴ ያነበባችሁትን ዕቃ ደግሞ በዓመቱ እንደገና አንብቡት፤ አሠራር ይቀየራል።

ሲሪያልን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉ ልላችሁ አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ የምትወጡ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ በልቶ፣ አውቶቡሱን የሚጠብቅበት ቁርስ ይሄ ብቻ ነው። እኛ ቤት ከጉዞው በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮርን ፍሌክስ፣ ላዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ግሬፕ ናትስና ሙዝ፤ በጾም ወተቱ የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ይሆናል። ቅዳሜ ፍሮስትድ ፍሌክስ ይፈቀዳል፤ እሱም በልጆቹ ጥያቄ ነው፣ ተደራድረውበታል።

ለትምህርት ቤት ስናክ ቆሎ የምትልኩ ካላችሁ ለውዝ የተቀላቀለበትን ተዉት። ብዙ ትምህርት ቤቶች በአለርጂ ምክንያት ለውዝ አያስገቡም፤ ለቅሞ ማውጣትም አይበቃም። የገብሱን ብቻ ለይታችሁ ላኩ። ትልቋ ልጄ ትምህርት ሲከፈት የእናቴን ጭብጦ ይዛ ሄደች። ጓደኞቿ «ፕሮቲን ቦል ነው?» ብለው ተካፈሏት። ማታ ስልክ ደውላ «እማማ፣ ለነገ ስድስት ይጠቅለሉ እንዴ፣ ወይስ ስምንት?» ብላ ጠየቀች፤ እናቴም አጎቷ ቤት ሆና በሶውን ስትነፋ አመሸች።